እሜቴ ዛሬም አልበሉም

ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል። ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ነገር አለ፤ የተቆጠረ ገንዘብ፣ መርፌው የተነቀለ ሲሪንጅና የቀዘቀዘ ሳህን። ሳህኑ ለአራተኛ ጊዜ ሊሞቅ ነው። ገንዘቡ ስንት ጊዜ እንደተቆጠረ ግን አልናገርም። ሲቆጠር የሚበዛ ይመስል!

ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ገንዘቡ ነበር። ደሞዝ ሊደርስ አሥራ አንድ ቀን ይቀረዋል። ኪሴ ግን ደሞዙን የመጠበቅ ትዕግሥት አልነበረውም። ወር በገባ ቁጥር «በዚህኛው እቆጥባለሁ» እላለሁ፤ ወሩም በገባ ቁጥር የሚበላውን ይዞ ይመጣል። በዚህኛው ወር ይዞ የመጣው የማይበላ ነው።

እሜቴን፣ ድመቴን፣ ታውቋቸዋላችሁ። ባለፈው ኮምፒውተሬ ላይ ተኝተው ያልጨረስኩትን ደብዳቤ ለአለቃዬ የላኩብኝ እሳቸው ናቸው። ቤቴ ከገቡ ጀምሮ አንቱ ነው የምላቸው። ቀልድ ነበር፣ ልማድ ሆኖ ቀረ። ደግሞ ይገባቸዋል። ሲያዩኝ ኪራይ እንደዘገየበት ተከራይ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሳህኑን አሸተቱና ፊታቸውን አዞሩ። ማክሰኞ ማሽተቱንም ተዉት። ማታ አልጋ ስር ገቡ። ረቡዕ ጠዋት በደረቴ ተኝቼ፣ እጄን አልጋው ስር ዘርግቼ «ኧረ ነይ፣ ምን ሆንሽብኝ» ስል ራሴን ሰማሁት። አንቱታው የት እንደገባ አላውቅም።

እስከ ደሞዝ ትቆይልኝ ይሆን ብዬ አስቤ ነበር። አዎ፣ አስቤያለሁ። ግን ድመት በአለመብላት ላይ ብዙ ቀን የላትም። ሁለት ሦስት ቀን ካልበላች፣ በተለይ ወፈር ያለች ከሆነች፣ ሰውነቷ የራሱን ስብ ወደ ጉበት መላክ ይጀምራል። ጉበቷ ያን ሁሉ ማስተናገድ ያቅተዋል፣ ራሱ በስብ ይሞላል። ከዚያ ያቅለሸልሻታል። ሲያቅለሸልሻት ይብሱን አትበላም። እንዲህ እየተሽከረከረ የሚሄድ ነገር ነው። እሜቴ ደግሞ ወፈር ያሉ ናቸው። በማን እጅ እንደወፈሩ አትጠይቁኝ።

በካርቶን ይዣት ሄድኩ። የእንስሳት ሐኪሙ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ገና ካርቶኑን ሳይከፍቱ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ዶክተር፣ ያለኝ ይሄ ነው» አልኳቸው። ጆሮዬ ድረስ ነው የጋልኩት። እሳቸው ምንም አልመሰላቸውም።

«ቀድመህ መናገርህ ጥሩ ነው» አሉ። «ካላወቅኩ ሁሉንም ልመርምር ብዬ እጀምርና መሐል መንገድ ላይ ገንዘብህ ያልቃል። ካወቅኩ የሚቀድመውን አስቀድማለሁ።»

የቀደመው በእጅና በዓይን የሚሠራው ሆነ። መዘኗት። ሙቀቷን ለኩ። ማጅራቷ ላይ ያለውን ቆዳ ቆንጥጠው ለቀቁና ቶሎ ይመለስ እንደሆነ አዩ፤ ከዘገየ ውሃ አጥሯታል ማለት ነው። ድዷንና የጆሮዋን ውስጥ ወደ መስኮቱ አዙረው አዩ፣ ቢጫ ነገር ፍለጋ። ቢጫ ከታየ ጉበት ይጠረጠራል። አልነበረም። ከዚያ አፏን ከፈቱና «አሃ» አሉ። ምላሷ ጠርዝ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቁስል አለች። አፍንጫዋ ተደፍኗል። ጉንፋን ነው፣ የድመት ጉንፋን። አታሸትም፣ ብታሸትም መብላቱ ያማታል።

«የደሙን ምርመራ እናቆየው» አሉ። «እስከ ዓርብ ካልበላች ግን ምክንያት አልሰማህም። ካስመለሳት ወይ ድዷ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ዓርብን አትጠብቅ።» ለሕመሟ በክብደቷ ልክ የተመጠነ መድኃኒት ሰጡኝ። በጠብታ ነው።

እዚህ ላይ መናዘዝ ያለብኝ ነገር አለ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ግማሽ ፓራሲታሞል ስጣት፣ ያስታግሳል» ብሎኝ ነበር። ይህን ለዶክተሩ ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን የሚያፈርስበት መንገድ በጣም ደካማ ነው። መርዙ ደሟን ይመታዋል፣ ደሟም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። አንዲት ፍሬ ልትገድላት ትችላለች። እኔ ደግሞ ማክሰኞ ማታ መሳቢያውን ከፍቼ ነበር። ከፍቼ ዘጋሁት። ብልህ ሆኜ አይደለም። ፍሬውን ለሁለት የምሰብርበት ቢላ ለማምጣት ሰንፌ ነው። ስንፍናዬን ስትወቅሱ የኖራችሁ ሁሉ ይቺን መዝግቡልኝ።

ከዚያ ወዲህ ማባበል ነው ሥራዬ። አፍንጫዋን ለብ ባለ ውሃ በነከርኩት ጨርቅ እጠርጋለሁ። ሙቅ ውሃ ከፍቼ መታጠቢያ ቤቱን በእንፋሎት እሞላና አብረን እንቀመጣለን፣ እንደ ሁለት ጡረተኞች። ምግቧን የሰውነቷን ሙቀት እስኪያህል፣ 38 ዲግሪ ገደማ፣ አሞቀዋለሁ። ሲሞቅ ይሸታል፣ ድመት ደግሞ ከምላሷ ይልቅ አፍንጫዋን ነው የምታምነው። መጀመሪያ ቀን ጣት ያህል ማር ልቀባላት ብዬ ነበር፣ እኔን ያባበለ ሁሉ እሷንም ያባብላል በሚል። ለካ ድመት ጣፋጭ የሚባል ነገር አታውቅም። ጣፋጭ የሚቀምሰው ዘረመል እንደተበላሸባት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ደርሰውበታል። ምን ዓይነት ኑሮ ነው!

ሲሪንጁ የመጨረሻው ነው። ከጉንጯ በኩል፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ሳያንጋጥጡ፣ ትንሽ ጠብ፣ እስክትውጥ መጠበቅ። ቸኩሎ የሰጠ ሳንባዋ ውስጥ ይከትባታል። እምቢ ካለች ደግሞ አትታገላት ብለዋል ዶክተሩ፤ ያን ምግብ ከሕመሙ ጋር አያይዛ ከዳነች በኋላም ትጠላዋለች። ጉሮሮዋ እርርር እያለ ሲያንጎራጉር ደስ ብሏት መስሎኝ ነበር። ሲያማትም ታደርገዋለች አሉ። በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጫት ያን ድምፅ እየሰማሁ ሆዴ ባባ። ምንም አልበላ ያለች ፍጥረት አንጀቴን ግን በላችው።

አሁን ማታ ሲሪንጁን ሳስጠጋ ፊቷን አዞረች። ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ። ያን አዟዟር አውቀዋለሁ። የኔ ነው።

ልጅ ሆነን የነበረን መሣሪያ አንድ ብቻ ነው፤ ራት አለመብላት። ማስቲካ ተከልክዬም ይሁን ተመትቼ ምክንያቱ ትዝ አይለኝም። ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞሬ ግን ትዝ ይለኛል። ግድግዳው ላይ የነበረው ስንጥቅ ሳይቀር። አባባ ይቆጣል፣ «አንድ ቀን አልበላም ብሎ የሞተ የለም» ይላል። ትልቋ እህቴ የኔን ድርሻ እያየች ትስቃለች። እማዬ አትለምነኝም። ሳህኑን ከድና እራስጌዬ ታስቀምጥና መብራቱን አጥፍታ ትወጣለች። በቃ። ሌላ ቃል የለም።

እበላ ነበር። በጨለማ፣ በእጄ፣ ድምፅ እንዳላሰማ በዝግታ እያኘክሁ። ጠዋት ባዶውን ሳህን ታነሳለች፣ «አየህ፣ በላህ አይደል» አትልም። ማንም ስላላየኝ አልተሸነፍኩም። እንግዲህ ስንት ሰው ነው ሌላውን ሰው እንዲህ ሳያሸንፍ ማብላት የሚችል? እኔ ከረቡዕ ጀምሮ ሳህኑ አጠገብ ተንበርክኬ የእያንዳንዷን ጢም እንቅስቃሴ እያየሁ «ብዪ፣ ብዪ በቃ፣ ትንሽ» ስል ነው የከረምኩት። ድመት ኩርፊያ አታውቅም፣ እሱን አላጣሁትም። ምላሷ ላይ ቁስል ነው ያለው። ኩርፊያ የሚመስለኝ እኔ ስላኮረፍኩ ነው።

ግን አንድ ነገር መጣብኝ፣ አሁን እየጻፍኩ። የዚያን ጊዜው ሳህን የማን ነበር?

እማዬ ከኛ ጋር ስትበላ አላስታውስም። «እኔ ቅድም በልቻለሁ» ትል ነበር። ቅድም መቼ ነው? ከሥራ የምትመጣው ከኛ በኋላ ነው፣ ምግቡን የምትሠራው እሷ ናት፣ ከድስቱ እየጨለፈች ስታካፍል ፊት ለፊቷ ተቀምጫለሁ። ቅድም የሚባል ሰዓት የለም እኮ! ወር ሲያልቅ ይህ «ቅድም» ይበዛ ነበር መሰለኝ። ወይም አሁን ነው የበዛው፣ ራሴ ወር ማብቂያ ላይ ስለተቀመጥኩ። ሳህኖቹን ቆጥሬ አላውቅም። እኔ ሳኮርፍ ግን ጠዋት ድረስ እራስጌዬ የተቀመጠ ምግብ ነበር። ለማይበላ ሰው የተቀመጠ ምግብ።

ዛሬ ከሰዓት ትልቋ ደውላ «በላህ?» አለችኝ። «ቅድም በልቻለሁ» አልኩ። ቃሉ ከየት እንደመጣ አሁን ነው የገባኝ። ቀኑን ሙሉ የበላሁት ዳቦ ነው፣ እሱንም በቆምኩበት። ልደብቃችሁ ብዬ አይደለም፤ የዶክተሩን ስከፍል ለሌላው ብዙ አልተረፈም።

ለእማዬ ደውዬ ልጠይቃት አሰብኩ። ስልኩን አነሳሁ። በዚህ ሰዓት «እማዬ፣ ያኔ በልተሽ ነበር?» ተብሎ ይደወላል? ደንግጣ ትወድቅብኛለች። ደሞ መልሷን አውቀዋለሁ። «አንተስ በላህ?» ነው የምትለው።

ስልኩን አስቀምጬ ዞር ስል ሳህኑ ወለሉ ላይ ነው። መቼ እንዳሞቅኩት፣ መቼ እንዳወረድኩት አላስታውስም። ከአንድ በኩል ጎድሏል። በልታ ነው? ወይስ እኔ ለሲሪንጁ የቀዳሁበት ነው? በጉልበቴ ተንበርክኬ ሳህኑን ወደ መብራት አጋድዬ የምላስ ምልክት ፈለግኩ። የተማረ ሰው ነኝ፣ እንዳትረሱ። አንድ ለስላሳ መስመር አለ። የምላስም ሊሆን ይችላል፣ የማንኪያም።

ቀና ስል ካርቶኑ ውስጥ ሆና ታየኛለች። ወይም ያዩኛል። ያ የአከራይ አስተያየት የተመለሰ መሰለኝ፣ ግን እርግጠኛ ስላልሆንኩ አንቱታውን ገና አልመለስኩም።

ሳህኑን ካርቶኑ አጠገብ አስጠግቼ መብራቱን አጠፋሁ። ይህን የምጽፈው አልጋ ላይ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ በስልክ ነው። ብርሃኑንም ቀንሼዋለሁ፣ እያየኋት እንዳይመስላት። ድመት በጨለማ ለማየት ሰው ከሚያስፈልገው ብርሃን አንድ ስድስተኛው እንደሚበቃት አሁን ትዝ አለኝ። ታዲያ መብራቱን ያጠፋሁት ከማን ለመደበቅ ነው?