ቀዩ በተን

ስላይዱ ላይ አንድ ቀይ በተን አለ። ከጎኑ በትልቁ «45 በመቶ» ይላል። ሌላ ምንም የለም። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አራተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ፤ እኔም አጨበጨብኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው፣ ማጨብጨቤ።

ቦታው ፕራግ፣ ጊዜው ሴፕቴምበር 2016። የኛ ዘርፍ ሰዎች፣ ገዢ የሚልከው አፊሌቱም ባለ ድረ ገጹ ስፖንሰሩም፣ በየዓመቱ በዚያ ወር እዚያ ይገናኙ ነበር። መድረኩ ላይ የቆመው የቢሯችን ዲዛይነር ነው። ልጁ ክፉ አይደለም። ስሙን አልጠራም፤ ቀለሙን ብቻ።

ቢሯችን አምስተርዳም ነበር፤ ስድስት ሰው ነን። የአዋቂዎች፣ ማለትም የወሲብ፣ ድረ ገጾችን የሚገመግም ገጽ አለን። ይሄኛው ዋጋው ይህን ያህል ነው፣ ያኛው ለመሰረዝ ያስቸግራል እያልን እንጽፋለን። አንባቢው ሊንካችንን ነክቶ ሄዶ ከተመዘገበ፣ ከሚከፍለው ግማሹ የኛ ነው። መመዝገቢያው ገጽ ግን የስፖንሰሩ ነው፤ አንድ ፊደል መንካት አንችልም። በእጃችን ያለው ከክሊኩ በፊት ያለችው ቦታ ብቻ ናት። ስለዚህ ስድስት ትልልቅ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ስለ አንድ መስመርና ስለ አንድ በተን እንጨቃጨቃለን።

እኔ ጽሑፉ ላይ ነበርኩ። ሰው ሲሰማ ጉድ የምጽፍ ይመስለዋል። አብዛኛው ሥራዬ «የ1 ዶላሩ ሙከራ በ2 ቀን ያልቃል፣ ከዚያ በየወሩ 30 ዶላር ይቆረጣል» የሚል ነበር። ከቴሌ የፓኬጅ መልእክት ብዙም አይርቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አክስቴ ቤት ቡና አለ። ጁን መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ ሁለተኛውን እየቀዳች ያዘችኝ።

«አሁን የያዝከው ሥራ ምንድን ነው?»

«ማርኬቲንግ ነው እትዬ።»

«የምን ማርኬቲንግ?»

«የኢንተርኔት።»

«ኢንተርኔት ላይ ምን ትሸጣላችሁ?»

«ሰብስክሪፕሽን።»

ጀበናውን አስቀመጠች። «የድርጅቱ ስም ማነው?»

የደመወዝ ወረቀቴ ላይ ያለውን ነገርኳት። ሁለት ፊደልና «ሚዲያ» የሚል ቃል ነው። በዚህ ዘርፍ የድርጅት ስም እንደዚህ ነው፤ የሚያሳፍር ስም ያለው የለም። ፊቷ በራ። «ጋዜጠኛ ሆነሃል እንዴ!»

አላመንኩም፣ አልካድኩምም። ቡናዬን ፉት አልኩ።

ትራም ላይ ወደ ቤት ስመለስ ነው ነገሩ የበራልኝ። ካርዱን ይዞ የሚያመነታውን ሰው የሚያስፈራው 30 ዶላሩ አይደለም። ወሩ ሲያልቅ የባንኩን ፖስታ የምትከፍተው ሚስቱ ናት። እኔ አክስቴን ስፈራ እሱ ሚስቱን ይፈራል። ይሉኝታ የሐበሻ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ስፖንሰራችን ገንዘቡን የሚሰበስበው ሲሲቢል በሚባል የክፍያ ድርጅት በኩል ነበር። ስለዚህ የባንክ መግለጫው ላይ የሚወጣው የሲሲቢል ስም እንጂ የገጹ ስም አይደለም። ይሄን ቢሮ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ለገዢው አስቀድሞ የነገረው ግን አልነበረም።

በነገራችን ላይ የካርድ ድርጅቶቹ ለዘርፋችን የሚጠቀሙበት ኮድ 5967 ነው። ፍቺውን ብትፈልጉ የምታገኙት ስለ ስልክ ሽያጭ የሚያወራ ነገር ነው። ለነቪዛም አክስት አለቻቸው መሰለኝ።

ሰኞ አንዲት መስመር ጻፍኩ፦ «በባንክ መግለጫዎ ላይ የሚታየው ሲሲቢል የሚል ስም ነው።» ከበተኑ ሥር እንድትገባ። አለቃዬ አነበባትና ፊቱን አጨማደደ።

«ሊከፍል እጁን የዘረጋን ሰው ባንክ ታስታውሰዋለህ?»

«የሚያስበው እሱኑ ነው።»

«እስኪ ለአንድ ሳምንት» አለኝ። መስመሯ ማክሰኞ፣ ጁን 28 ማታ ወጣች።

ያኑ ማታ ዲዛይነሩ አረንጓዴውን በተን ቀይ አድርጎ አወጣው። አልነገረኝም። እኔም አልነገርኩትም። ሰብ-አይዲው፣ ሽያጩ ከየትኛው ለውጥ እንደመጣ የሚለየው ምልክት፣ ለሁለቱም አንድ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ከዚህ በኋላ ያለውን ባታነቡትም ይገባችኋል።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት 14 ሺህ ክሊክ ልከን 20 ሽያጭ አገኘን፤ 1 ለ 700 ማለት ነው። በአዲሱ ሳምንት ክሊኩ ያው 14 ሺህ ገደማ ነው፣ ሽያጩ 29 ሆነ። 1 ለ 483። አለቃዬ ዳሽቦርዱን ሦስት ጊዜ ሪፍሬሽ አደረገና ፒዛ አዘዘ።

«ቀዩ!» አለ። «ነግሬያችሁ አልነበር?» አልነገረንም ነበር።

«የኔም መስመር የዚያኑ ቀን ነው የወጣችው» አልኩ።

«የትኛዋ መስመር?»

«የባንኳ።»

ዞር ብሎ ስክሪኑን አየ። ፈለጋት። አገኛት። ከዚያ ወደኔ ዞረና «እሷን የሚያነብ ሰው አለ?» አለኝ።

ቢያሾፍ ይሻለኝ ነበር። ከምሩ ነው የጠየቀኝ፣ እንደ መረጃ። ዓመት ሙሉ ደመወዝ እየከፈለኝ የሚያጽፈኝ ሰው፣ የምጽፈውን የሚያነብ እንዳለ ከኔው ማጣራት ፈለገ። መልስ አጣሁ። ማታ አልጋዬ ላይ ሰባት ዓይነት መልስ መጣልኝ፤ ሁሉም ጥሩ ነበሩ። ለነገሩ መስመሯ በትንሽ ግራጫ ፊደል ነበር የገባችው፣ ነጭ ላይ ግራጫ። ግራጫ ያደረጋት ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ተዉት።

ሂሳብ የምትይዝልን ሴትዮ የሱሪናም ሰው ናት። ከሁላችንም በፊት እዚህ ሥራ ውስጥ የገባች ናት፤ ፖፕ-አንደር የሚባለው፣ ሳይጠሩት የሚከፈተው የማስታወቂያ መስኮት፣ በየቦታው ይፈነዳ የነበረበትን ዘመን ታወራለች። ፒዛዋን በናፕኪን ይዛ መጣችና ከኋላዬ ቆመች።

«አርብ ቀኑ ስንት ነበር?» አለችኝ።

«ጁላይ 1።»

«ሰኞስ?»

«ጁላይ 4።»

«ትራፊኩ የማን ነው?»

«አብዛኛው የአሜሪካ።»

«እና የወሩ መጀመሪያ አርብ ውሎ፣ ደሞዝ ገብቶ፣ ሰኞም በዓል ሆኖ፣ ዘጠኝ ሰው በለጠ ብላችሁ ነው ፒዛ የምትበሉት?»

ዘጠኝ ሰው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ 45 በመቶ ስንል እንጂ ዘጠኝ ሰው ስንል አልሰማሁም ነበር። አዲስ አበባ ቢሆን ዘጠኝ ሰው ይዞ ታክሲው አይነሳም፤ ረዳቱ ገና «ሦስት ሰው፣ ሦስት ሰው!» እያለ ይጣራል። ደግሞ እኛም አገር ቢራ ቤቱ የሚሞላው መቼ እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም።

«በተኑን ወደ አረንጓዴ መልሱት፣ መስመሯን ተዉአት፣ ሌላ ሳምንት እዩ። ከዚያ ገልብጡት» አለች። አለቃዬን ጠየቅኩት። «የሚሠራ ነገር አይነካም» አለኝ። በቃ፣ እዚያ ላይ አበቃ። ትራፊኩን ግማሽ ለግማሽ መክፈል፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በልምምድ የምንናገረው እንደ አባታችን ሆይ ነው።

ኦገስት መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አየሁ። በፊተኛው ሳምንት ከገዙት 20 ሰዎች ሁለቱ «ይሄን ክፍያ አላውቀውም» ብለው ባንካቸው ሄደው ገንዘባቸውን አስመልሰዋል። ቻርጅባክ ማለት የኛንም ድርሻ መልሶ መውሰድ ነው። ስፖንሰሩ ደግሞ ይፈራዋል፤ ያን ጊዜ ቪዛ ነጋዴውን በዓይነ ቁራኛ ማየት የሚጀምረው ቻርጅባኩ ከመቶ አንድ ሲደርስ ነበር። ከኔ 29 ሰዎች ግን አንድም አላስመለሰም። አንድም! መግለጫው ሲመጣ ሲሲቢል የሚለውን ሲያዩ አልደነገጡም፤ አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። ቀይ በተን ይሄን አያደርግም። የተነካ በተን ከወር በኋላ ባንክ ቤት ድረስ ተከትሎ አይሄድም።

ሮጬ ለሴትዮዋ አሳየኋት።

«ዘጠኙን አልቀበልም ብለህ ሁለቱን ልትቆጥር ነው?» አለችኝ።

አዎ። እቆጥራቸዋለሁ።

ፕራግ ላይ ዲዛይነሩ ሲጨርስ ከፊት ያለ ሰውዬ እጁን አወጣና የትኛው ቀይ እንደሆነ ጠየቀ። ልጁ የቀለሙን ኮድ ቁጥር በቁጥር አነበበለት። ዙሪያዬን ሰው ሁሉ ይጽፋል። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ አንድ ቁጥር አምልጧት ከኔ ልትገለብጥ ወረቀቴን አየች፤ ባዶ ነበር። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ምን ለማለት እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ያኔ ነው ስላይዱን ደህና አድርጌ ያየሁት። ለካ ፎቶው የተወሰደው ከገጹ ላይ ነው። ከበተኑ ሥር፣ ምስሉ የተቆረጠበት ጠርዝ ላይ፣ የመስመሬ ፊደላት ራስ ራሳቸው ብቻ ይታያል። ጠርዙ ላይ የቀረ ግራጫ አቧራ ይመስላል። ከዚያ ነው ያጨበጨብኩት።

ከዚያ ቢሮ ከወጣሁ ቆየሁ። አክስቴ ግን ሚዲያውን አልረሳችውም። ባለፈው የእድሩ ሰዎች መዋጮ በኢንተርኔት ይከፈል ብለው ሲወስኑ «የኔ ልጅ የሚዲያ ሰው ነው» ብላ አስያዘችኝ። ሊቀመንበሩ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ይቺ መክፈያዋ በተን ቀለሟ ምን ይሁን?» አሉኝ።

«ቀይ» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

«ለለቅሶ?» አሉ።

ጥቁር አደረግናት። ከሥሯ ግን «በባንክ መግለጫዎ ላይ የሚወጣው የእድሩ ስም ነው» ብዬ ጻፍኩ። እሷን ማንም አልተቃወመም። ያነበባት ያለም አይመስለኝም።