በወረቀት ጻፉልን

ዛሬ ሰቃ ጨቆርሳ ገጠር ውለን ጅማ የገባነው ማታ ነው። ጭቃው አይወራም። ቤተ ክርስቲያናችን እዚያ ትምህርት ቤት ልትከፍት ስላሰበች ከነዋሪው ጋር ልንመክር ነበር የሄድነው። ቦታው ተገኝቷል፣ ቆርቆሮውም አለ።

አንድ አባት፣ እንደ መንደሩ አብዛኛው ሰው ሙስሊም ናቸው፣ ቡናቸውን ፉት አሉና «ልጆቼ፣ ፊደል ልታስቆጥሩልን ነው ወይስ ሃይማኖት ልታስቀይሩን?» አሉን። ሁላችንም ጭጭ። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው፣ አዲስም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች ደንብም እኮ የት መስበክ እንደሚቻልና የት እንደማይቻል ለይቶ ነበር። አስተባባሪያችን «ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞ፣ በመንግሥት ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ ክፍል ውስጥ ስብከት የለም» አለቻቸው። እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እሱን በወረቀት ጻፉልን።» ጎበዝ! እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው።

ሌላው ራስ ምታት የቡና ለቀማ ነው። ቡናው ሲደርስ ልጅ ሁሉ ቅርጫቱን ይዞ ከእናቱ ጋር ይወጣል፣ ማን ይፈርድበታል? አንዲት ልጅ፣ ጣቶቿ በቡና ጭማቂ ጠቁረዋል፣ «ከሰዓት ከሆነ እመጣለሁ» አለችን። ሰኞ ስብሰባ ላይ የፈረቃውን ነገር አንስቼ እሟገታለሁ።