ኮንጎ በሽምብራ ቆሎ

የታሪክ መምህር ነኝ። የኮንጎን ነጻነት ለዓመታት በሦስት አረፍተ ነገር ነበር የምገላገለው፤ «በግንቦት 1952 ዓ.ም. የመጀመሪያው አገር አቀፍ የፓርላማ ምርጫ ተካሄደ፣ የፓትሪስ ሉሙምባ ፓርቲ አሸነፈ፣ ሰኔ 23 ቤልጂግ ለቃ ወጣች።» አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ስንት ወንበር አገኘ?» አለኝ። 33 አልኩት። «ከስንት?» ከ137። ልጁ ዝም ብሎ አየኝ። እኔም ዝም አልኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት 137 ፍሬ የሽምብራ ቆሎ ቆጥሬ፣ በላስቲክ ቋጥሬ ገባሁ።

መጀመሪያ ድምፅ አሰጣጡን እናስመስል ብዬ «ሴቶች እጃችሁን አውርዱ፣ ያኔ የመረጡት ወንዶች ብቻ ናቸው» ስል ክፍሉ ተናጋ። አንዷ ደብተሯን ጠረቀመችና «ታዲያ ነጻ የሚወጣው ማነው?» አለች። ያላሰብኩበት ጥያቄ ስለሆነብኝ «እሺ፣ እንቀጥል» ብዬ አለፍኩት። ዛሬም ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ለሌላ ክፍል ሳስተምር የምጀምረው ከዚሁ ነው።

ቆሎውን አከፋፈልኩ። ለሉሙምባ ፓርቲ 33፣ ለጆሴፍ ካሳቩቡ ፓርቲ ለአባኮ 12፣ ለካታንጋ ክፍለ ሀገር ፓርቲ ለኮናካት 8፣ የቀረውን ለሌሎቹ። አባኮ የታችኛው ኮንጎ፣ ኮናካት የካታንጋ ስለሆኑ በየክፍለ ሀገራቸው አስቀመጥኳቸው። «69 ያልሞላለት መንግሥት አይመሠርትም» አልኩ። ባለ 33ቱ ልጅ ቀላል መስሎት ተነሣ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንዱን ሚኒስቴር ለሦስት ቡድን ቃል ገብቶ ተያዘ። አባኮዎቹ ደግሞ «ፕሬዚዳንትነቱን ካልሰጠኸን ንክች አናደርግም» ብለው ቆሏቸውን በእጃቸው ከለሉ። ካሳቩቡ በእርግጥም በሁለቱ ምክር ቤቶች ፕሬዚዳንት ሆኖ መመረጡን ገና አልነገርኳቸውም ነበር! ደስ አለኝ።

ከዚያ እውነተኛውን ውጤት ጻፍኩ። የሉሙምባ መንግሥት በታችኛው ምክር ቤት በ74 ድምፅ ጸደቀ፤ 5 ተቃወሙ፣ 1 ድምፀ ተአቅቦ አደረገ፣ 57ቱ ግን አልተገኙም። «ፎርፈው ነው?» አለ አንዱ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ቁጥሩን አከበብኩበት። ነጻነት ሊታወጅ ሳምንት እንኳ ያልቀረው ምክር ቤት ነው፤ ከአምስቱ ሁለቱ ወንበር ባዶ።

ጊዜውን ግን አልቻልኩበትም። ከ40 ደቂቃው ግማሹን ምርጫው በልቶብኝ፣ ዋናው ድርድር ደወል ላይ ደረሰ። አሁን ምርጫውን በአሥር ደቂቃ እጨርሳለሁ። ቆሎም አላመጣም፤ ጥሬ ባቄላ ነው የማመጣው። ያን ቀን ቆሎውን ስሰበስብ ኮናካት ሦስት ፍሬ ብቻ ቀርቶታል። የት አደረጋችሁት ስል ጉንጩ የሞላው ልጅ ቶሎ አልመለሰልኝም። ጎረቤቱ መለሰለት፦

«ቲቸር፣ ካታንጋ ተገነጠለ።»

ካታንጋ በእርግጥም የተገነጠለው ነጻነት ከታወጀ ከ11 ቀን በኋላ ነው፤ እኔ ግን ገና እዚያ አልደረስኩም ነበር።