«እስከ መቼ?» እያሉ መጠበቅ

«ታገሥ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ማለት ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ጠዋት ተነስቶ ምን እንደሚደረግ ነው። እኔ የምመክረው አንድ መዝሙር ይዞ መቆየትን ነው፤ 13ኛውን፣ በግዕዙ ዳዊት 12ኛውን። አጭር ነው፤ ጮክ ብለው ቀስ እያሉ ቢያነቡትም ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። «እስከ መቼ» የሚለው አራት ጊዜ ይመጣል። እያንዳንዱ ላይ ቆም በሉና ጉዳያችሁን በስሙ ጥሩት፤ ቪዛው፣ ያልተወለደው ልጅ፣ የእናት ሕመም። «እኔ ግን በቸርነትህ ታመንሁ» ወደሚለው ዘሎ መድረስ ትልቁ ስሕተት ነው። ለቅሶው ሳይወጣ የተባለ ምስጋና ከአፍ አያልፍም።

ሌላው ስሕተት ለእግዚአብሔር ቀን መቁረጥ ነው። «እስከ ፋሲካ ካልሆነ» ያለ ሰው ፋሲካ ሲያልፍ የሚሰበረው ራሱ በያዘው ቀጠሮ ነው። አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ የተስፋው ልጅ ይስሐቅ ሲወለድ 100። በከነዓን 10 ዓመት ከቆዩ በኋላ ሚስቱ ሣራ መጠበቁ ሲከብዳት አገልጋይዋን አጋርን ሰጠችው፤ እስማኤል ሲወለድ አብርሃም 86 ሆኖት ነበር። ከዚያ እስከ 99 ዓመቱ ዘፍጥረት ስለ እሱ አንዳች አይነግረንም። 13 ዓመት ዝምታ!

በምትጠብቁበት ጊዜ ጾሙም፣ ቅዳሴውም፣ የታመመ መጠየቁም ይቀጥል። ደብተር ያዙ፤ ቀኑን፣ ከጎኑ ልመናውን በአንድ መስመር ጻፉ። ከወር በኋላ ልመናው ተለውጦ ብታገኙት የቀድሞውን አትሰርዙ፤ አዲሱን ከሥሩ ጻፉ።