ሩቴኔትና ባሪየም ቲታኔትን በፐልስ ሌዘር ስደራርብ

በዚህ ዘዴ አጭር የሌዘር ምት (ፐልስ) ታርጌት ከሚባል የቁሱ ጡብ ላይ ቁስ እያተነነ መደብ በሚሆን ክሪስታል ላይ ቀጭን ፊልም አድርጎ ያሳርፈዋል። የምሠራው ባለ ሦስት ንብርብር ነው፤ ከታች ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ 20 ናኖ ሜትር ስትሮንቲየም ሩቴኔት፣ መሃል ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ 30 ናኖ ሜትር ባሪየም ቲታኔት፣ ከላይ እንደገና ሩቴኔት። መደቡ የስትሮንቲየም ቲታኔት ክሪስታል ነው። የባሪየም ቲታኔት ጥልፍልፍ (የአተሞቹ አደራደር) ከመደቡ በ2 ከመቶ ገደማ ስለሚሰፋ፣ በመደቡ ላይ ተጨምቆ ያርፋል፤ በጣም ሲወፍር ጭምቀቱ ይላላል።

ክሪስታሉን በአሴቶንና በአልኮል አጥቤ ንጹህ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ውሃው የላዩን ስትሮንቲየም ኦክሳይድ ወደ ሃይድሮክሳይድ ይለውጠዋል፤ አሞኒየም ፍሎራይድ የተቀላቀለበት ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በ30 ሰከንድ ያንኑ ያነሳዋል። ያለ ጓንት፣ ያለ አየር መምጠጫና ያለ ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል አሲዱ አይነካም። ቀጥሎ ኦክስጅን ውስጥ 950 ዲግሪ ላይ 2 ሰዓት። ገጹን በሹል መርፌ በሚዳስሰው አቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ 0.39 ናኖ ሜትር ከፍታ ያላቸው እርከኖች ካልታዩ አልቀጥልም።

ሌዘሩ ክሪፕተን ፍሎራይድ፣ 248 ናኖ ሜትር ነው። በታርጌቱ ላይ 1.5 ጁል በካሬ ሴንቲ ሜትር፣ በሰከንድ 2 ፐልስ፣ ርቀት 55 ሚሊ ሜትር፣ ኦክስጅን 0.13 ሚሊባር፣ ሙቀት 680 ዲግሪ። ቁጥሮቹ ከቻምበር (ሥራው ከሚካሄድበት ዝግ ክፍል) ቻምበር ይለያያሉ፤ የማሞቂያው ቴርሞከፕል (የሙቀት መለኪያ) ራሱ ከክሪስታሉ ገጽ በአሥሮች ዲግሪ ከፍ ብሎ ሊያነብ ይችላል። ኃይሉን ሌዘሩ ከሚገባበት መስኮት በኋላ፣ ቻምበሩ ውስጥ ለኩ። መስኮቱ እየተሸፈነ ሲሄድ ሌዘሩ ላይ የሚነበበው ቁጥር ሳይለወጥ ታርጌቱ የሚያገኘው ኃይል ይቀንሳል፣ የባሪየምና የቲታኒየም መጠንም ይዛባል።

ታርጌቱን በየጊዜው በብርጭቆ ወረቀት እፍቀዋለሁ። ካልተፋቀ ወደ ሌዘሩ ያጋደሉ ሾጣጣ ጉብታዎች ያወጣል፤ ከታርጌቱ የሚተነው ፕላዝማ አቅጣጫው ይዞራል፣ ፊልሙ የሚያድግበት ፍጥነት ይወርዳል። ከተፋቀ በኋላ ክሪስታሉን የሚከልለው መጋረጃ ተዘግቶ 1000 ፐልስ ይተኮስበታል። በደንብ ያልታመቀ ታርጌት ጠብታ ይተፋል፤ ኃይል መጨመር ደግሞ ያባብሰዋል።

ብዙዎች የሚስቱት በንብርብሮቹ መሃል ነው። ታርጌት ሲቀየር የኦክስጅኑን ግፊት አላወርድም፤ ካወረድኩት ሩቴኒየም በኦክሳይድ መልክ ይተናል፣ ገጹም ይሻክራል። ውፍረቱን በግምት አልተውም፤ የእያንዳንዱን ቁስ ፍጥነት ለብቻው በተሠራ ፊልም ላይ በኤክስሬይ ነጸብራቅ እለካለሁ።

በመጨረሻ 300 ሚሊባር ኦክስጅን አስገብቼ በደቂቃ 10 ዲግሪ አቀዘቅዛለሁ። ኦክስጅን ካነሰው ባሪየም ቲታኔቱ ኤሌክትሪክ ያፈሳል፤ መደቡም ራሱ ያስተላልፋል፣ ልኬቱን ያሳስታል። ፊልሙ ጠርዝ ላይም ስለሚያርፍ የላይና የታች ሩቴኔት እዚያ ይገናኛሉ። ስለዚህ የላዩን ሩቴኔት በፎቶሊቶግራፊ (በብርሃን ቅርጽ በማውጣት) ከፋፍዬ ትርፉን በሶዲየም ፐርአዮዴት አስወግዳለሁ፤ ባሪየም ቲታኔቱን አይነካውም።