ኦቾሎኒ ካራሜል በቸኮሌት፦ ለደጋ አገር የተስተካከለ አሠራር

ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው የካራሜል አሠራር አብዛኛው «119 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱት» ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ቃል በቃል የተከተለ ሰው ጥርስ የሚሰብር ከረሜላ ይዞ ይቀራል፤ ከዚያም በስኳሩ ወይም በክሬሙ ያመካኛል። ጥፋቱ ግን የከፍታው ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስኳር ሲፈላ ቴርሞሜትሩ የሚነግረን ድስቱ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ ነው፤ ውሃው ቀድሞ የሚፈላበት ቦታ ላይ ደግሞ ያው የውሃ መጠን የሚቀረው ባነሰ ቁጥር ላይ ነው። ስለዚህ ጂቡቲ ወይም ዱባይ 119 የሚባለው አዲስ አበባ 111 ነው። አዲስ አበባ ላይ 119 ድረስ የፈላ ካራሜል ዱባይ 127 ድረስ እንደፈላ ይቆጠራል፤ ያ ደግሞ የሚመጠጥ እንጂ የሚታኘክ ከረሜላ አይሆንም።

ልኩ ቀላል ነው፦ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። ሐዋሳና ባሕር ዳር ከ5 እስከ 6 ዲግሪ፣ ድሬዳዋ ወደ 4 ዲግሪ መቀነስ ይበቃል። ከዚህም የሚሻለው ቴርሞሜትሩን ራሱን መጠየቅ ነው። ውሃ አፍሉ፣ ጫፉ የድስቱን ታች ሳይነካ አስገቡት፣ ሲንተከተክ የሚያሳየውን ቁጥር ጻፉ። 92 ካለ ከአሠራሩ ላይ 8 ቀንሱ፤ 90 ካለ 10 ቀንሱ። መለኪያው ራሱ ትንሽ ቢያዛባም በዚሁ አብሮ ይስተካከላል። ርካሽ ቴርሞሜትር አስተማማኝ የሚሆነው እንዲህ ሲደረግ ብቻ ነው።

ይህ ቅናሽ የሚያገለግለው ውሃ እየተነነ ለሚሠራ ነገር ነው። የቸኮሌት ማቅለጫ ቁጥሮች የስብ ጉዳይ ስለሆኑ እንጦጦ ላይም ሆነ ምጽዋ ላይ አይለወጡም። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው።

የሚያስፈልገው

ጎንና ጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር ለሆነ አራት ማዕዘን ፎርማ 300 ግራም ስኳር፣ 150 ግራም ግሉኮስ ሽሮፕ፣ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 240 ሚሊ ሊትር ክሬም፣ 85 ግራም የገበታ ቅቤ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና 250 ግራም የተቆላ ኦቾሎኒ ያስፈልጋል። ለመሸፈኛው 500 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ያዙ፤ ሁሉም አያልቅም፣ ነገር ግን ከረሜላው በደንብ የሚጠልቅበት ጥልቀት ያስፈልጋል። 2.5 ሴንቲ ሜትር እያደረጋችሁ ስትቆርጡት 64 ፍሬ ይወጣዋል።

በሚዛን ስፈሩ። ስኳርን በሲኒ የሚለካ ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ካራሜል አያገኝም።

ክሬሙ 35 በመቶ አካባቢ ስብ ያለው ይሁን። በወተት ልተካው ማለት አያዋጣም፤ ብዙ ውሃ ማትነን ስለሚጠይቅ ይቆያል፣ ሲቆይ ደግሞ ይቆራረጣል ወይም ታች ይዞ ያራል። የተነጠረ ቅቤም አይሆንም፤ ኮሰረቱና ኮረሪማው ከቸኮሌት ጋር ይጣላል፣ ቅመም የሌለበት እንኳ ቢሆን ሲነጠር የወተቱ ተረፈ ነገር ስለወጣለት የካራሜሉን ጣዕም ያሳጣዋል። ለጋ ቅቤ ያለው ሰው አሬራውን በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ አጥቦ ማስወጣት አለበት፤ አለዚያ ኮምጠጥ ይላል።

ግሉኮስ ሽሮፕ የሚገባው ስኳሩ ተመልሶ አሸዋ አሸዋ እንዳይል ነው። ለኬክ ቤቶች ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ይገኛል። ከጠፋ 120 ግራም ማር ይተካዋል፤ ነጭ ማር ቢሆን ይመረጣል፣ ጠቆር ያለው የኦቾሎኒውን ጣዕም ይውጠዋል። ማር ከስኳር ቀድሞ ስለሚያር ግን መጀመሪያ ከስኳሩ ጋር አይጨመርም። ስኳሩን ከግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጋር አፍልታችሁ ማሩን ከክሬሙ ጋር አስገቡት።

ኦቾሎኒው

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፣ ግን ማንም አይጠረጥረውም። ከገበያ የመጣ ጥሬ ኦቾሎኒ መለቀም አለበት፦ የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ ሻጋታ ያለበት ወይም ሲቀመስ የሚመር ፍሬ ይጣላል። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለው ፍሬ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ሊኖርበት ይችላል፤ መቁላት ደግሞ መርዙን አያጠፋውም።

በኦቨን ከሆነ 160 ዲግሪ ላይ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ፣ መሀል ላይ አንዴ አገላብጡ። በብረት ምጣድ ከሆነ መካከለኛ እሳት ላይ ሳታቋርጡ አማስሉ። ከእሳት ከወጣ በኋላም በገዛ ሙቀቱ መቁላቱን ስለሚቀጥል ከምትፈልጉት ቀለም ጥቂት ቀደም ብላችሁ አውጡትና ወዲያው ሰፊ ትሪ ላይ በትኑት። ልጣጩን በጨርቅ አሽታችሁ በሰፌድ አበጥሩት። ገዝታችሁ የምታመጡት የተቆላ ኦቾሎኒ ጨው ካለበት የካራሜሉን ጨው ተዉት።

ወደ ካራሜሉ የሚገባው ሞቅ እንዳለ ነው። ቀዝቃዛ ኦቾሎኒ ካራሜሉን ድንገት ያጠጥረውና ፎርማው ላይ እኩል መዘርጋት ያቅታል። ኦቨኑን አጥፍታችሁ ውስጡ ብታቆዩት ይበቃል።

ካራሜሉ

ታቹ ወፍራም የሆነ፣ ቢያንስ 4 ሊትር የሚይዝ ድስት አዘጋጁ። ለዚህ መጠን ትልቅ ይመስላል፤ ክሬሙ ሲገባ ምን ያህል እንደሚገነፍል ያየ ሰው ግን አይከራከርም። ፎርማውን በመጋገሪያ ወረቀት አልብሳችሁ ወረቀቱን ዘይት ቀቡት። ይህ ሁሉ እሳት ከመለኮሱ በፊት ያልቃል፤ ካራሜል ዕቃ እስኪፈለግ አይጠብቅም።

ክሬሙን፣ ቅቤውንና ጨውን በትንሽ ድስት አሙቁ፤ መፍላት የለበትም። በትልቁ ድስት ስኳሩን፣ ግሉኮሱንና ውሃውን መካከለኛ እሳት ላይ ጥዳችሁ ስኳሩ እስኪሟሟ አማስሉ። መፍላት ከጀመረ በኋላ ማማሰያ አታስገቡ። በድስቱ ግድግዳ ላይ የተረጨ ስኳር ደርቆ አንዲት ቅንጣት ወደ ውስጥ ብትወድቅ ሌላውን ሁሉ ትስብና ድስቱ በሙሉ ወደ ስኳርነት ይመለሳል። ግድግዳውን በረጠበ ብሩሽ እያጠባችሁ አውርዱት፤ ወይም መጀመሪያ ላይ ለሁለት ደቂቃ ከድኑት፣ እንፋሎቱ ራሱ ያጥበዋል።

ቀለሙ እየጠቆረ ሲመጣ ድስቱን ይዛችሁ በቀስታ አወዛውዙ። ጠቆር ያለ የማር ቀለም ሲይዝ፣ ቴርሞሜትሩም ወደ 165 ወይም 170 ሲጠጋ፣ ከእሳት አውጡ። እዚህ ላይ ከፍታ አይቀነስም፤ ውሃው አልቆ ስኳሩ ራሱ እየተለወጠ ስለሆነ ዓይንን ማመን ይሻላል። የአገር ውስጥ ስኳር ግን ከመነሻው ቡናማ ሊል ስለሚችል ቀለሙ ሊያታልል ይችላል፤ በነጭ ሳህን ላይ አንድ ጠብታ አንጠባጥባችሁ እዩ። ጭስ ካወጣና ሽታው አፍንጫ የሚወጋ ከሆነ አልፏል፤ ክሬም አይመልሰውም፣ ድፉት።

አሁን ሞቃቱን ክሬም በሦስት ወይም በአራት ጊዜ ጨምሩ። እንፋሎቱ እጅ ያቃጥላል፤ እጅጌ ረጅም ይሁን፣ ልጆች ከአካባቢው ይራቁ። ክሬሙ ቀዝቃዛ ቢሆን ስኳሩ ወዲያው ድንጋይ ይሆናል፤ ከሆነም አትደንግጡ፣ በቀስታ እሳት ተመልሶ ይሟሟል።

ከዚህ በኋላ መካከለኛና ዝቅ ያለ እሳት ላይ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ፣ በተለይ ታችና ማዕዘኑን እየፋቃችሁ፣ 111 ድረስ አድርሱት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። ለረጅም ጊዜ ቁጥሩ የቆመ ይመስልና መጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ዲግሪዎች በቅጽበት ይዘላቸዋል። 110 ለስላሳ ነው፣ 112 ጠንከር ያለ። በቸኮሌት የሚሸፈን ከሆነ 111 ላይ ቢያዝ ይሻላል፤ ከዚያ የለሰለሰው ሲጠልቅ ቅርጹን ያጣል።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ሥራው አይቀርበትም፣ እንዲያውም ለከፍታ መጨነቅ አይኖርበትም። ድስቱን ከእሳት አውጥታችሁ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ካራሜል በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣሉ። በጣት ሲሰበሰብ ክብ ሆኖ ቅርጹን ከያዘና ጠበቅ አድርገው ሲጫኑት ከጠፈጠፈ ደርሷል። በጣት መሀል የሚፈስ ከሆነ ይቀረዋል፤ ሲጫኑት እምቢ ካለ አልፏል።

ያለፈ ካራሜል ይድናል። 60 ሚሊ ሊትር ውሃ ወይም ክሬም ጨምራችሁ በቀስታ አሟሙትና እንደገና ወደ 111 መልሱት። በጣም የለሰለሰውም ወደ ድስት ተመልሶ መፍላት ነው። ቅቤው ተለይቶ ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ እሳቱ በዝቶ ነበር ማለት ነው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ በዝግታ አማስሉ፣ ብዙ ጊዜ ይገናኛል። የሚያስቸግረው አሸዋ አሸዋ ያለው ነው፤ እሱ ብዙ ውሃ ተጨምሮበት ሙሉ በሙሉ ካልሟሟ አይስተካከልም።

ኦቾሎኒውን ጨምራችሁ ቶሎ አደባልቁና ፎርማው ላይ ገልብጡ። ድስቱ ላይ የተጣበቀውን አትፋቁ፤ ያረውና የጠጠረው ያለው እዚያ ነው። ክፍሉ ውስጥ አምስት ሰዓት ያህል፣ ከተቻለ ሌሊቱን ይደር። ዘይት የተቀባ ረጅም ቢላ ከላይ ወደ ታች ተጭናችሁ ቁረጡ፤ እንደ መጋዝ ማመላለስ ጠርዙን ይጎትተዋል።

ቸኮሌቱ

መጀመሪያ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ። የካካዎ ቅቤ የሚል ከሌለና በምትኩ የፓልም ወይም ሌላ የአትክልት ዘይት ከተጻፈ ኬክ ቤቶች ኮምፓውንድ የሚሉት ነው። እሱን አቅልጦ መንከር ብቻ ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣው አይመለከተውም። ለልጆች ልደት በቂ ነው፤ አፍ ውስጥ ግን እንደ ሰም ይቆያል።

የካካዎ ቅቤ ያለበት ቸኮሌት ቀልጦ ዝም ብሎ ከቀዘቀዘ አያብረቀርቅም፣ ሲሰበር ቀጭ አይልም፣ በቀናት ውስጥ ግራጫ መስመር ያወጣል። ስቡ ሲጠነክር የተለያየ ዓይነት ቅንጣት ስለሚሠራ የሚፈለገውን ዓይነት ብቻ ማብቀል ያስፈልጋል። ከ500 ግራሙ 350ውን ፈጭታችሁ በሙቅ ውሃ ላይ በተቀመጠ ደረቅ ጎድጓዳ ሳህን 45 ዲግሪ ድረስ አቅልጡ። ሳህኑ ውሃውን አይንካ። አውርዱና የቀረውን 150 ግራም በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ፣ እያማሰላችሁ፣ 28 ዲግሪ ድረስ አቀዝቅዙት። ከዚያ ውሃው ላይ ለጥቂት ሰከንድ መልሳችሁ ወደ 31 አድርሱት። ከ32 ካለፈ የተሠራው ይፈርሳል፣ ከ45 እንደገና ይጀመራል። የወተት ቸኮሌት ከሆነ የመጨረሻው ቁጥር 29 ነው።

የቢላ ጫፍ ነክራችሁ አስቀምጡ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ደርቆ ካብረቀረቀ ተሳክቷል።

አንድ የውሃ ጠብታ የቀለጠ ቸኮሌትን ያጓጉላል። ማንኪያው እርጥብ ከነበረ ወይም የሳህኑ እንፋሎት ከገባ ወፍሮ ጭቃ ይሆናል፤ ለመሸፈኛነት አይመለስም፣ በሙቅ ክሬም ፈትታችሁ ለኬክ ተጠቀሙበት።

ከረሜላውን በሹካ ይዛችሁ ንከሩ፣ የሹካውን እጀታ በሳህኑ ጠርዝ ላይ መታ መታ አድርጋችሁ ትርፉን አራግፉ፣ ወረቀት ላይ አኑሩ። ካላራገፋችሁ ከሥሩ ተዘርግቶ እግር ያወጣል። ካራሜሉ የክፍሉን ሙቀት የያዘ ይሁን። ከፍሪጅ የወጣ ካራሜል ላይ ጤዛ ይሰበሰባል፤ ሲሞቅ ደግሞ ስለሚያብጥ ቸኮሌቱን ይሰነጥቀዋል፣ በስንጥቁም ካራሜሉ ይፈሳል። አዲስ አበባ ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት፤ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ያለ ክፍል ማግኘት አይቸግርም። ድሬዳዋ ወይም ባሕረ ሰላጤው አገር ያለ ሰው ግን ያለ ኤሲ ባይሞክረው ይሻላል።

ለጾም

ጥቁር ቸኮሌት ሁሉ የጾም አይደለም፤ የወተት ዱቄት ወይም የወተት ስብ የሚጨመርባቸው አሉና ጽሑፉን እዩ። ክሬሙን በ240 ሚሊ ሊትር ወፍራም የኮኮናት ወተት፣ ቅቤውን በ50 ግራም የኮኮናት ዘይት ተኩ። የወተት ፕሮቲን ስለሌለበት ጣዕሙ ይሳሳል፤ ስለዚህ ስኳሩን ከወትሮው ትንሽ አጥቁሩት፣ ጨውንም ጨመር አድርጉ። የሚወጣበት ቁጥር ያው 111 ነው።

ከዚህም ቀላል የጾም ከረሜላ የሚሻ የሰሊጥ ይሥራ፦ 200 ግራም ለብ ተደርጎ የተቆላ ነጭ ሰሊጥ፣ 150 ግራም ማር፣ 100 ግራም ስኳር። ማሩንና ስኳሩን 142 ድረስ አፍልታችሁ (ባሕር ዳርቻ 150 ነው) ሰሊጡን ጨምሩ፣ በሁለት ዘይት የተቀቡ ወረቀቶች መሀል በዳቦ መዳመጫ አሳሱት፣ ሳይቀዘቅዝ ቁረጡት። ሲቀዘቅዝ ቢላ አያስገባም፣ ይሰባበራል። በክረምት እርጥበት ስቦ በአንድ ቀን ይጣበቃል፤ ገና ለብ እያለ ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ውስጥ ይግባ፣ በየደረጃው ወረቀት ይነጠፍ። በቸኮሌት የተሸፈነው ካራሜል ግን ከፀሐይና ከቅመም ርቆ ሦስት ሳምንት ይቆያል። ከበርበሬ ጋር አንድ ቁም ሳጥን ውስጥ ከዋለ በማግስቱ በርበሬ በርበሬ ይላል።