ከ«ብሉዜት» ጋር የከረመ ትሮምቦን

የአሜሪካዊው የጃዝ ትሮምቦን ተጫዋች የከርቲስ ፉለር አልበም «ብሉዜት» የሚከፈትበትን «ፋይቭ ስፖት አፍተር ዳርክ» የተባለ ዜማ በሸክላው ፍጥነት ሳልደናቀፍ መጫወት የቻልኩት ሰሞኑን ነው፤ ትሮምቦን ለምትለማመዱ ሁሉ ያገኘሁትን ላካፍል ወደድኩ።

አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1959 በኒው ጀርሲ፣ በሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ ተቀረጸ። ቴነር ሳክስፎኑን ቤኒ ጎልሰን፣ ፒያኖውን ቶሚ ፍላናጋን፣ ባሱን ጂሚ ጋሪሰን፣ ድራሙን አል ሄርዉድ ይጫወታሉ። እኛ ትሮምቦንን የለመድነው በትልልቅ ኦርኬስትራዎች የነሐስ ረድፍ ውስጥ፣ መለከቱን አጅቦ ሲሄድ ነው። እዚህ ግን የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ሁለት ብቻ በመሆናቸው የትሮምቦኑ እያንዳንዱ ድምፅ ገላጣ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ለትምህርት የመረጥኩትም ስለዚሁ ነው።

ረጅም ድምፅ መያዝንና ሰባቱን የስላይድ (የሚሳበው ቱቦ) ቦታዎች ማወቅን ሁላችንም ስለምናልፍበት እዘለዋለሁ። እኔን የፈተነኝ በሁለት ድምፆች መካከል የሚሰማው መንሸራተት ነበር። ከዲ ኖታ ወደ ሲ፣ ከዚያም ወደ ቢ ፍላት ስወርድ ዲን በአንደኛው፣ ሲን በሦስተኛው ቦታ እይዝ ስለነበር ስላይዱ ወጥቶ ይመለሳል፤ ሁለቱ ድምፆች በአንድ የከንፈር እርከን (ስላይዱ ሳይንቀሳቀስ በከንፈር ውጥረት ከሚገኙት የድምፅ ደረጃዎች በአንዱ) ላይ ስለሆኑም ድምፆቹን የሚለያየው ምላሴ ጥቂት ከዘገየ በመካከላቸው የሚያላዝን ድምፅ ይገባል። ብዙ አስተማሪዎች «ክንድህን አፍጥን» ይላሉ። እኔ በዚህ ምክር ጨርሶ አልስማማም፤ የፈጠነ ክንድ ስላይዱን ያንገጫግጫል፣ ትንፋሹንም ይቆርጠዋል እንጂ መንሸራተቱን አያጠፋውም።

መፍትሔው የቦታ ምርጫ ሆኖ ተገኘ። ዲ በአራተኛውም ቦታ፣ አንድ እርከን ከፍ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ዲን በአራተኛው፣ ሲን በሦስተኛው፣ ቢ ፍላትን በአንደኛው ቦታ ብትይዙ ስላይዱ ሳይመላለስ ወደ ውስጥ ብቻ ይገባል፤ ከንፈርም በየድምፁ አንድ አንድ እርከን ስለሚወርድ ምላስ ባይነካው እንኳ ድምፆቹ በራሳቸው ይለያያሉ። በዚያ ላይ የአንደኛው ቦታ ዲ በተፈጥሮው ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ስላይዱ ከዚያ በላይ ወደ ውስጥ ስለማይገባም በቀላሉ አይስተካከልም። በአራተኛው ቦታ ግን በጆሮ እየተመሩ ማቃናት ይቻላል። ቦታው ከደወሉ (ከመሣሪያው ሰፊ ጫፍ) አፍ ትንሽ አለፍ ብሎ ስለሚገኝ ዓይን ሳይሆን ጆሮ ነው የሚያገኘው፤ ስላይዱ ላይ ምልክት የሚለጥፉ ሰዎች ሐሳብ እስካሁን አልገባኝም።

ሌላው አቋሜ ኖታን ይመለከታል። የተጻፈውን ኖታ ከማየታችሁ በፊት ዜማውን ከሸክላው ጋር አዚሙት፣ መጀመሪያ የፉለርን፣ ቀጥሎ የጎልሰንን መስመር። ሁለቱ በስምምነት ተያይዘው ስለሚሄዱ የራስን መስመር ሳይለቁ ሌላውን መስማት የሚለመደው በዚህ መንገድ ነው። ቀረጻውን በስልክ አዘግይቶ መለማመድን አልነቅፍም፤ ሆኖም የድምፁ አነሳስ ስለሚደበዝዝ ምላስን ለመማር አይረዳም።

ይህን ሁሉ የምለው እኔ የፉለርን ሶሎ ገና ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ምቶች አላሳለፍኩትም፤ የየዕለቱን የስኬል ልምምድም እንደ ግብር ዕዳ እሸሸዋለሁ። የአራተኛው ቦታ ዲ ረዘም ብሎ ሲያዝ ቀለሙ ከአንደኛው ስለሚለይም በፈጣን ምንባብ ካልሆነ በቀር አልመርጠውም። ለረጅም ድምፅ የአንደኛውን ቦታ ዲ ሳይዘቀዝቅ የሚይዝበት ብልሃት ያገኘ ቢኖር ቢያካፍለኝ ደስ ይለኛል።